ከፊት ያለችው ዜሮ

ቡዳፔስት፣ የካቲት 4 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለብርቅዬ ደምሴ

ይህች ወረቀት በሩን አንኳኩታ ስትገባ አንቺን፣ ጋሼ ደምሴንና እትዬ ወርቅነሽን በጤና፣ በአንድ ገበታ ዙሪያ ታግኛችሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ብቻ ጆሮዬን ሊወስደው ምንም አልቀረውም። እትዬ ወርቅነሽን «የሠራሽለት ሹራብ ነው ያቆየው» በያት።

ትምህርቱ ከብዷል። መንግሥት ሒሳብ ተማር ብሎ ሲልከኝ ረዘም ያለ መደመርና መቀነስ መስሎኝ ነበር። እዚህ ግን አንድ ቁጥር ይዘው ሳምንት ሙሉ ያገላብጡታል። ከየት መጣህ፣ ማን ያካፍልሃል፣ ከማን ጋር ትዞራለህ እያሉ መቆሚያ መቀመጫ ያሳጡታል።

ትዝ ይልሻል? እኔ ብስክሌት መጠገኛው ሱቅ ውስጥ የተበሳ ካላማዳሪ ስለጥፍ አንቺ ከውኃው ሳፋ አጠገብ ቁጢጥ ብለሽ «ቁጥር ስጠኝ» ትዪኝ ነበር። የምለጥፍበት ማስቲሽ ሳይደርቅ በቃልሽ አባዝተሽ ከጨረስሽ በኔ ብስክሌት እስከ ሐይቁ ደርሰሽ ትመለሻለሽ። አጎቴ ጋሼ ደምሴ ቤት ካደግሁበት ዘመን ሁሉ እሱን ነው የምናፍቀው። አሁን ማስቲሽ የማይበቃው ቁጥር አገኘሁልሽ፦

0588235294117647

በዜሮ መጀመሩ ስህተት አይደለም፤ ቦታዋ ነው። በሁለት አባዢው፣ በሦስት አባዢው፣ በአራት፤ እስከ አሥራ ስድስት መሄድ ትችያለሽ። ምን እንዳየሽ ጻፊልኝ። ለሒሳብ አስተማሪሽም አሳዪው፣ ደስ ይለዋል። የአሥረኛ ክፍል የመንፈቅ ውጤትሽንም እጠብቃለሁ።

ሁላችሁንም በያላችሁበት እስማለሁ።

ወንድምሽ ሙሴ


አዋሳ፣ መጋቢት 1 ቀን 1971 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድምጋሼ ሙሴ

ሰላምታዬ ባዋሳ ብስክሌት ሁሉ ልክ ይድረስህ፣ ከነደወሉ። አባባም እማዬም ደህና ናቸው። አባባ «ጆሮውን ይሸፍን» ብሏል። እማዬ ስለ ሹራቡ ሰምታ አለቀሰች፤ የሚያስለቅስ ነገር ግን አላየሁበትም።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ወንድምጋሼ፣ አንተ ሰውዬ ጠንቋይ ሆነሃል! በሁለት አባዛሁት፤ 1176470588235294 ሆነ። ተሳስቻለሁ ብዬ አጠፋሁት። ደገምኩት፣ ያው። በሦስት፤ 1764705882352941። እዚህ ላይ ጠመኔውን ጣልኩት። ያው ቁጥር እኮ ነው! አንድም አዲስ ነገር አልገባበት፣ አንድም አልወጣበት። ሌላ ቦታ ቆሞ ነው የሚጀምረው እንጂ ሰልፉ ያው ነው። በአራት ብል ከመሃል ከሁለት ይነሳና ዞሮ ዜሮዋን አልፎ ይመጣል።

ቀጥሎ ያደረግሁትን ስማ። ያንተ ብስክሌት ግድግዳው ላይ ተሰቅላ አይደል? የፊት ጎማዋን ሽቦዎች ቆጠርኩ፤ ሠላሳ ሁለት። ያንተ ቁጥር አሥራ ስድስት ቤት ነው። ለሁለት ሽቦ አንድ ቁጥር ልክክ አይልም! በጎማው ዙሪያ በጠመኔ ጻፍኩት። አሁን ማባዛት ቀረ። በሁለት ካልከኝ ጎማዋን አዞርና ከመጀመሪያዋ አንድ ጀምሬ አነባለሁ። በሰባት ካልከኝ ከአራት። አባባ ቆሞ አይቶ አይቶ «ብሬክ ያስፈልገዋል» ብሎ ሄደ።

አንድ ከቱላ ሽንኩርት ጭኖ የመጣ ሰውዬ ጎማውን አይቶ «የሎተሪ ቁጥር ነው?» አለኝ። «አዎ፣ ግን ምንጊዜም ያው ዕጣ ነው የሚወጣው» አልኩት። ዕጣውን ሊገዛ ፈለገ እኮ።

ማስቲሽ ከፒያሳ ጠፍቷል፤ የሚመጣ ሰው ካለ ላክልን። ለኔ ጂንስ ሱሪ ካገኘህ አልጠላም። ስለ ትምህርት ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ፤ አሁን አባባ እየተጣራ ነው።

እህትህ ብርቅዬ፣ ባለጎማዋ


ቡዳፔስት፣ መጋቢት 24 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለብርቅዬ

ሰላምና ጤና ከቤታችሁ አይጥፋ። እኔ ደህና ነኝ፣ በረዶውም እየቀለጠ ነው።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ክፍሌ ውስጥ አብሮኝ ላለው ለቬትናሙ ልጅም ተረጎምኩለት። ቁጥሩን በብስክሌት ጎማ ላይ መጻፍ ላንዱም ፕሮፌሰር ትዝ አላለውም። ብሬክ ያስፈልገዋል ያለው ጋሼ ደምሴ ግን እውነቱን ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ጎማው ካልጠፋ ፊት ለፊት የሚተያዩትን ቁጥሮች፣ ይኸኛውን ወዲያ ማዶ ካለው ጋር፣ ደምሪያቸው። መልሱን አልነግርሽም።

ስለ ትምህርትሽ አንድ ቃል አልጻፍሽም። አባባ እየተጣራ ነው ብለሽ ዘጋሽው። እኔ ያንን ቤት አውቀዋለሁ፤ ጋሼ ደምሴ ሰው አይጣራም፣ ራሱ ነው የሚመጣው። ምን ሆነሽ ነው?

ማስቲሹን አፈላልጋለሁ። ሱሪውንም። ከዚህ ካለነው ልጆች አንዳንዶቹ ኤምባሲ እየተጠሩ፣ ሳይሰናበቱን ወደ አገር ቤት እየተሳፈሩ ነው። ይህን ተይው፣ የኛ የተማሪዎች ጉዳይ ነው። ብቻ ስለ እኔ የጠየቀ ሰው ካለ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ሙሴ


አዋሳ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1971 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድምጋሼ ሙሴ

ለጤናህ እንደምን አለህ? መልስህን ሳልጠብቅ ነው የምጽፍልህ። ከወንድምጋሼ በፊት ይችን ደብዳቤ ከፍተህ የምታነባት ጓድም፣ አብዮታዊ ሰላምታዬ ይድረስህ። በጥንቃቄ አንብብልኝ። መልሰህ ስታሽጋት ደግሞ ሙጫውን አታብዛው፤ ሰው ሲከፍታት ትቀደዳለች።

አባባ ቀበሌ ስብሰባ ሄዷል። ከሄደ ሁለት ሳምንት ሆነው። ስብሰባው አላለቀም። እማዬ በየቀኑ ምሳ ታደርሳለች፤ ማታ ሳህኑ ባዶ ሆኖ ይመለሳል። እሱ ነው ዜናችን። ሳህኑ ባዶ ከሆነ ደህና ዋለ እንላለን።

እንዴት እንደሆነ ልንገርህ፣ አትቆጣኝ። ሙክታርን ታስታውሰዋለህ? አብሮኝ የተማረው፣ አንዴ ብስክሌት ተከራይቶ ሐይቅ ውስጥ የከተታት። አሁን አብዮት ጥበቃ ሆኗል፤ ጠመንጃው ከሱ ይረዝማል። ብስክሌት በነፃ ሊወስድ መጣና ጎማውን አየ።

«ይሄ ምንድነው?» አለኝ።

«ቁጥር ነው። ማንበብ ረሳህ?»

«የምን ቁጥር?»

«ካውሮፓ የመጣ ምስጢር ነው። ቢነግሩህም አይገባህም!»

ይኸው ነው። ምላሴን በቆረጠው። እሱ ስቆ ሄደ፤ እኔም ስቄ ጎማ መንፋት ጀመርኩ። ከሰዓት ሦስት ሆነው መጡ። ጠመኔውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉት፣ ደብዳቤህን ወሰዱት። ሱቁ በማን ስም ነው አሉ። አባባ እጁን በጨርቅ ጠርጎ «በኔ» አለ። እኔ ነኝ የጻፍኩት ብዬ ብጮህ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም።

በሦስተኛው ቀን ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ጓድ ግዛቸው ተቀምጠዋል፣ ጸሐፊው ገብረየስ ከጎናቸው። ገብረየስ ድሮ ገንዘብ ያዥ ነበር፣ ታውቀዋለህ፤ የሸሚዙን እጅጌ በላስቲክ የሚያስረው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይሄ ተራ ቁጥር ነው። ሲባዛ ይዞራል። ላሳይዎት» አልኩ።

«አሳዪን» አሉ። መሠረተ ትምህርት ሊጀመርበት የመጣ ጥቁር ሰሌዳ ነበር።

ደብዳቤህ ወደ ላይ ተልኳል። የቀረው ገብረየስ የገለበጠው ነው። እሱ እያነበበ እኔ ጻፍኩ፤ አምስት፣ ስምንት፣ ስምንት...

«ቆይ፣ ከፊት ዜሮ አለች» አልኩ።

«ከፊት ያለ ዜሮ ዋጋ የለውም። ሰርዤዋለሁ» አለ። እንደ ገንዘብ በየሦስቱ ነጠላ ሰረዝ አድርጎበታል፣ ወንድምጋሼ! የዓለምን ብር ሁሉ አስመስሎታል።

«ዋጋ ከሌላት ልጻፋት እንግዲህ» አልኩ።

«ዋጋ ከሌላት ለምን ትፈልጊያታለሽ?» አሉ ጓድ ግዛቸው።

ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። በሁለት አባዛሁላቸው። ወጣ፤ 1176470588235294። ሁለቱም ተነስተው አዩ።

«ይቺ ዜሮ ከየት መጣች? በማስረጃው ላይ የለችም» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ከፊት ነበረች እኮ ነው የምልዎት!»

«አሁን ግን መሃል ናት። ስለዚህ ትንቀሳቀሳለች። ገብረየስ ጻፍ፤ ዜሮዋ ትንቀሳቀሳለች።»

ጻፈ። ዓይኔ እያየ ጻፈው። «ቁጥሩ ሰው ይወክላል ወይስ ቦታ?» አሉኝ ቀጥለው። «አንቺስ ከትምህርት ቤት የተባረርሽው አይደለሽም?» ሲሉኝ ጠመኔውን ወረወርኩት። ገብረየስን ነው ያገኘው፣ ግንባሩን። አስወጡኝ። አባባን በመስኮት እንኳን አላየሁትም።

ይኸው አወቅኸው፤ ከትምህርት ቤት ወጥቻለሁ፣ ከጥር ጀምሮ። የሒሳቡ አስተማሪ ፈተናዬን ዜሮ ሰጠኝ። መልሱ ሁሉ ትክክል ነው። «ሥራውን አላሳየሽም፣ ከየት አመጣሽው?» አለኝ። በጭንቅላቴ አልኩት። «እንዳንቺ ያለ ጭንቅላት አላውቅም» ሲለኝ ዳስተሩን ለቀቅሁበት። ዳስተር ብወረውር ከትምህርት ቤት፣ ጠመኔ ብወረውር ከቀበሌ።

ወንድምጋሼ፣ ሱሪውን ተወው። ማስቲሹንም ተወው። አንድ ወረቀት ብቻ ላክልኝ። አስተማሪህ «ይሄ ቁጥር ቁጥር ነው፣ ሌላ ነገር አይደለም፣ በዜሮ ይጀምራል» ብሎ ይጻፍና ማኅተም ይምታበት። ክብ ማኅተም ቢሆን ጥሩ ነው። እዚህ ማኅተም ካለበት ዜሮም ዋጋ አላት።

ቶሎ በል። ጉዳዩ ወደ ላይ ይተላለፋል እየተባለ ነው። ወደ ላይ የተላለፈ ሰው... እዚህ ላይ ላቁም።

እህትህ ብርቅዬ


አዋሳ፣ ግንቦት 15 ቀን 1971 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድምጋሼ

ደህና ነህ? ደህና ሁን እንጂ። መልስ የለም። ፖስታ ቤት የምትሠራው ሮማን ገና ከሩቅ ስታየኝ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች፤ መጠየቅም ትቻለሁ።

ትናንት ሳህኑ እንደሞላ ተመለሰ። ክዳኑ እንኳን አልተነካም። እማዬ ምግቡን ወደ ድስቱ መለሰችው፣ ሳህኑን አጠበችው፣ ደግማ አጠበችው። ዛሬም እንደሞላ መጣ።

ሙክታርን ፒያሳ አገኘሁት። ዓይኔን ማየት አቃተው። «ሐሙስ ወደ ላይ ይወስዱታል። እኔ አልነገርኩሽም» ብሎኝ መንገድ ተሻገረ። ሐሙስ ነገ ነው።

ትናንት ግን አንድ ነገር መጣ። የመጋቢት ደብዳቤህ! ምንም ሳታውቅ የጻፍከው። ሁለት ቦታ ተከፍቶ ታሽጓል፣ ሙጫው ይሸታል። ማስቲሽ፣ ሱሪ፣ በረዶ... ወርውሬው ነበር። ወዲያው ያቺ መስመር ትዝ አለችኝ፤ ፊት ለፊት የሚተያዩትን ደምሪ ያልከው። ጎማውን አውርጄ እንደገና ጻፍኩበት። አምስት ማዶ አራት። ስምንት ማዶ አንድ። ሁለት ማዶ ሰባት። ሦስት ማዶ ስድስት። ሁሉም ዘጠኝ! ዙሪያውን ሄድኩ፤ ከዘጠኝ የሚወጣ የለም። ዘጠኟ ራሷ ማዶዋ ማን እንዳለ አየህ? ያቺው ዜሮ ናት። የሰረዟት።

ነገ ጠዋት ጎማውን ይዤ እገባለሁ። ማኅተም የለኝም፣ ጎማ አለኝ። እማዬ ለመነችኝ፤ «ልጄ፣ አንድ ጠዋት ብቻ ድዳ ሁኚልኝ» አለች። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። ወንድምጋሼ፣ እኔ ጎማውን አልፈራሁም፣ ቁጥሩንም አልፈራሁም። ምላሴን ነው የፈራሁት።

ብርቅዬ


ግንቦት 22 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለእህቴ ለብርቅዬ

እንደምን ሰነበታችሁ ብዬ ለመጻፍ እጄ አልታዘዝ አለኝ። የሚያዝያ ደብዳቤሽ ገና ትናንት ደረሰኝ። ሌላም ጽፈሽ ከሆነ አላገኘሁትም።

ይህ ሁሉ በኔ ጨዋታ መጣ። ፕሮፌሰሬ ዛሬውኑ ጽፎልኛል፤ ቁጥሩ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚዞር፣ ለምን በዜሮ እንደሚጀምር፣ በሁለት ገጽ። ነገር ግን የውጭ አገር ማኅተም ኤምባሲያችን ካላጸደቀው አገር ቤት ዋጋ የለውም። ወረቀቱን ይዤ እስከ ኤምባሲው በር ሄድኩ። በሩ ላይ ቆምኩ። ተመለስኩ። ለምን እንደተመለስኩ አትጠይቂኝ። ጋሼ ደምሴም እንዳይጠይቀኝ።

አሁን የምልሽን ስሚኝ። ስለ እኔ ከጠየቁ ዘመዳችን አይደለም በሉ። ሱቁ ውስጥ ጎማ ይለጥፍ የነበረ ቅጥረኛ ነው፣ ከሄደ ወዲህ አናውቀውም በሉ። ደብዳቤዎቼን አቃጥሉ። ፎቶግራፌን ከግድግዳው አውርዱ። ከእንግዲህ ቁጥር የሚባል ነገር አልጽፍም፤ ምናልባት ደብዳቤም።

ስለ ትምህርት ቤቱ አልተቆጣሁሽም። መልስሽ ትክክል ከነበረ ትክክል ነው።

ሳህኑ ዛሬስ ባዶ ሆኖ ተመለሰ? ይቺን ብቻ ጻፊልኝና ሌላ አትጻፊ።

ሙሴ


አዋሳ፣ ሰኔ 20 ቀን 1971 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድምጋሼ ሙሴ

ዛሬ ሳህኑን አባባ ራሱ አነሳው። ባዶውን።

አሁን ተቀመጥና አንብብ። ሰላምታው በኋላ ይደርሳል።

ሐሙስ ጠዋት ጎማውን በፒያሳ እያንከባለልኩ ሄድኩ። ሰው ሁሉ ያየኛል። «ብስክሌቷን የት ጣልሻት?» ይለኛል አንዱ። መልስ አፌ ላይ መጣች፣ ጥሩ መልስ ነበረች፣ ዋጥኳት። ምላሴን ጥርሴ መሃል አድርጌ ነው የገባሁት።

ጓድ ግዛቸው «ደግሞ መጣሽ?» አሉ። ገብረየስ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። ዝም። ጎማውን ጠረጴዛው ላይ አስተኛሁት። ጠመኔ አወጣሁ። በእጄ ወረቀታቸውን ጠቆምኩ፣ ገብረየስ የገለበጠውን፤ አንብቡልኝ እንደማለት።

«ምን ሆነች? ዛሬ ድዳ ናት?» አለ ገብረየስ።

«ትጻፍ እስቲ» አሉ ሊቀመንበሩ።

ገብረየስ አነበበ፣ ከአምስት ጀምሮ። እኔ ለሁለት ሽቦ አንድ እየሰጠሁ ጻፍኩ። አንድም የራሴን አልጨመርኩም። ቁጥራቸው አለቀና አንድ ቦታ ባዶ ቀረ፣ በመጨረሻዋ ሰባትና በመጀመሪያዋ አምስት መሃል። ሁለት ሽቦ፣ ምንም የሌለበት።

ጣቴን አምስት ላይ አደረግሁ፣ ሌላውን ጣቴን ማዶ አራት ላይ። ጓድ ግዛቸውን አየኋቸው። እሳቸውም አዩኝ። ቀጥዬ ስምንትና አንድ። ቀጥዬ ስምንትና አንድ።

«ዘጠኝ» አሉ በቀስታ። «ይኸኛውም ዘጠኝ። ገብረየስ፣ ና ወዲህ።»

ሁለትና ሰባት፣ ዘጠኝ። ሦስትና ስድስት፣ ዘጠኝ። አሁን ሁለቱም ጎንበስ ብለዋል፤ ሙክታር ከበሩ አንገቱን አስገብቷል። አምስትና አራት። ሁለትና ሰባት። እና ዘጠኝ ደረሰች። ጣቴን ዘጠኝ ላይ አደረግሁ። ሌላውን ጣቴን ባዶው ቦታ ላይ። እዚያው አቆየሁት።

«ይቺስ? ብቻዋን ናት?» አሉ።

ዝም። ወንድምጋሼ፣ ምላሴ ደም ደም አለኝ።

«ገብረየስ፣ ዘጠኝ ላይ ስንት ቢደመርበት ዘጠኝ ይሆናል?»

ገብረየስ እጅጌውን አስተካከለ። መስኮቱን አየ። «ዜሮ፣ ጓድ» አለ።

«እና የት አደረስካት?»

ሙክታር ሊስቅ ብሎ ጠመንጃውን ጣለው። ጓድ ግዛቸው ጠመኔውን ከጄ ወስደው ባዶው ቦታ ላይ ራሳቸው ዜሮ ጻፉ። ትልቅ ዜሮ፣ ሦስት ሽቦ የያዘች። ገብረየስን «በሁለት አባዛ» አሉት። እሱ ሰሌዳው ላይ ሲያሰላው፣ እኔ ጎማዋን አዙሬ ከአንድ ላይ አቆምኳት። ሲጨርስ እሳቸው ከጎማው እያነበቡ፣ እሱ ከሰሌዳው እያነበበ፣ አንድ ላይ ጨረሱ። «በሦስት» አሉት። ደግሞ «በአምስት»። ከሰባት በኋላ ገብረየስ ላቡን ጠርጎ «ይዞራል፣ ጓድ፤ አምኛለሁ» አለ።

ያ አስተማሪ በነበረና ባየኝ። ሥራውን አሳየሁ። ያለ አንድ ቃል።

ጓድ ግዛቸው ጎማውን ደግመው አዞሩት። ቀጥለው «ጎማው ማስረጃ ነው፣ እዚህ ይቆያል። ሰውየው ወደ ቤቱ ይሂድ» አሉ። ጎማው ታሰረ፣ አባባ ተፈታ። ሙክታር እንደነገረኝ ሊቀመንበሩ ስብሰባ ሲረዝምባቸው ያዞሩታል።

አባባ ከስቷል። የቀኝ እጁ ቁልፍ መያዝ እምቢ ብሎታል፤ ቡሎን የማጠብቀው እኔ ነኝ። ስብሰባው እንዴት ነበር ስለው «ረጅም» አለኝ። ከዚያ ሌላ አልጠየቅሁትም። ማታ ማታ እማዬ እጁን በሞቀ ውኃ ታሸዋለች። ትናንት ግን ሱቅ ገብቶ፣ ግድግዳው ላይ ያለ ፊት ጎማ የተሰቀለችውን ብስክሌትህን ቆሞ አያት። «ብሬክ ያስፈልገዋል ብዬሽ ነበር» አለኝ። ሳቅሁ። እሱም ሊስቅ ፈለገ።

ያንተ የግንቦት ደብዳቤ ባለፈው ሳምንት ገባ። ለአባባ አነበብኩለት። ቅጥረኛ ነው በሉ ያልክበት ጋ ስደርስ እጁን አንስቶ አስቆመኝ። «ቅጥረኛ ከሆነ ደሞዙን መጥቶ ይውሰድ» አለ። እማዬ ፎቶግራፍህን አወረደችው፣ ጠረገችው፣ መልሳ ሰቀለችው። አቃጥሉ ካልካቸው ውስጥ ያቃጠልነው እሱን ደብዳቤ ብቻ ነው።

ፖስታው ላይ ያለው ቴምብር የሌላ አገር ነው። ከላይም የከተማ ስም አልጻፍክም። አልጠየቅሁህም።

ቁጥር አልጽፍም ያልከውን ግን አልቀበልም። ጻፍ። ብቻ ዜሮዋን ከፊት አታስቀምጣት። በአሥር አባዛውና ዞራ መጨረሻ ላይ ትቁም፤ 5882352941176470። አየህ? ያው ሰልፍ ነው፣ ያው ጎማ። ከፊት ያለችን ዜሮ ማንም ተነስቶ ይሰርዛታል። ከኋላ ያለችን ግን ገብረየስ እንኳን አይነካትም፣ ገንዘብ ትመስለዋለች።

ሰላምታው ይኸው ደረሰ፤ ከሦስታችንም። ካንተ በፊት ለሚያነበው ጓድም፤ አንተም በአሥር አባዝተህ እየው።

ማስቲሽ ተገኝቷል። ሱሪም አልፈልግም። ብስክሌትህ የጎደላት የፊት ጎማ ብቻ ነው፤ ባለ ሠላሳ ሁለት ሽቦ። በፖስታ አይላክም። ራስህ ይዘኸው ና።

እህትህ ብርቅዬ